የተልባ እንቁላል

እኔ በሕይወቴ ያልተማርኩት ነገር ቢኖር ከሰው መማር ነው። አናጢነቱን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የመኪና ሞተሩን፣ እንግሊዝኛውን ሁሉ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ የተበላሸ ራዲዮ እየገዛሁ ስፈታና ስገጥም ጎረቤቶቼ ሊያብድ ነው ይሉ ነበር፤ በኋላ የየራሳቸውን ራዲዮ ታቅፈው ደጄ ላይ ተሰለፉ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከገባሁም በኋላ የኤርፖርት ሸትል ስነዳ መንገዱን ሁሉ በቃሌ ይዤ ወጣቶቹ ሾፌሮች እኔን ነበር የሚጠይቁት። ልጄ ሳን ሆዜ ቤት ስትገዛ ከቤቱ ጋር የመጣውን አሮጌ ኦቭን ባለሙያው አይቶ ይጣል አለ። እኔ ፈታሁት፣ ጠረግሁት፣ መልሼ ገጠምሁት፤ እስከ ዛሬ ይጋግራል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመኩራራት ብቻ አይደለም። በዚያ ኦቭን ፊት ቆሜ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አይቻለሁ፤ በቀላሉ የሚደነቅ ሰው እንዳልሆንኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ በኅዳር፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል በሆነው በታንክስጊቪንግ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጄ ግን ነርስ ናትና ሥራ አላት። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ እሑድ በባርት ባቡር ወደ ሳን ሆዜ እንወርድና እስከ በዓሉ ማግሥት ከልጅ ልጃችን ጋር እንሰነብታለን። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አማርኛ ይገባታል፤ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የባለቤቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፈገግ እየተባባሉ ይውላሉ።

እሑድ ቅበላ ነበር፤ በማግሥቱ የገና ጾም ይገባል። ዶሮው ተበልቶ ሳህኑን ሳጣጥብ ልጄ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ልጅቷ ዘንድሮ ፓይ አልጋግርም ብላለች።»

«ምነው?»

«እማማ እኔ የጋገርኩትን አትበላም ትላለች። ቸርች ስለቀየርን የተቀየመችን መስሏታል።»

ልጄ ካገባች ወዲህ ከባሏ ጋር ወንጌላውያን ዘንድ ነው የምታመልከው። ባለቤቴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ደግም አልተናገረችም።

«አላስረዳሻትም?» አልኳት።

የቧንቧውን ውሃ ዘጋች። «ምን ብዬ ላስረዳት? አንዳንዴ ለእኔም እንደዚያ ይመስለኛል።»

«በይ ለእኔ ተዪው። እኔ አለሁ።»

«እርስዎማ መቼ ጠፍተው ያውቃሉ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ይውላል፤ የገና ጾም ደግሞ ኅዳር ዐሥራ አምስት ይገባል። አንዳንድ ዓመት በዓሉ ይቀድማል፣ አንዳንድ ዓመት ጾሙ። ካቻምና በዓሉ ቀድሞ ስለነበር ባለቤቴ ልጅቷ የጋገረችውን የዱባ ፓይ፣ ያን በሊጥ የታቀፈ ጣፋጭ፣ እያስጨመረች በላች። ዓምና ጾሙ ቀደመ። ልጅቷ ፓይዋን ቆርሳ፣ በሁለት እጇ ይዛ ስታቀርብላት፣ ባለቤቴ ሳህኑን በጣቶቿ ገፋ አድርጋ «ጾም ነው እናቴ» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ወደ ጓሮ ይዣት ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ እኔ የገረዝኩት አንድ ፐርሲመን የሚባል የፍሬ ዛፍ አለ። በዚህ ወራት ቅጠሉን በሙሉ አራግፎ ፍሬውን ብቻ ይዞ ይቆማል። ሌላው ዛፍ ፍሬውን ሰጥቶ ሲያበቃ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ይህ ግን ራቁቱን ቆሞ በየቅርንጫፉ ጫፍ ብርቱካናማ መብራት ያበራ ይመስላል። ባየሁት ቁጥር መሰላሉን ከመደገፌ በፊት ትንሽ እቆማለሁ። እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ እያወረድኩ፣ እሷ ከታች እየተቀበለች፣ ነገሩን አነሣሁት።

«ዓምና እማማ ጾም ነው አለችሽ አይደል?»

«አዎ፤ ግን ውሸት ነው» አለች በእንግሊዝኛዋ። «ጾም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ቸርች ጾም ጸሎት ሲኖር ማሚ ቀኑን ሙሉ ምንም አትበላም። እማማ ግን ሩዝ በላች፣ ሰላጣ በላች። የእኔን ብቻ ነው ያልበላችው።»

መሰላሉ ላይ እንዳለሁ ነገሩ ገባኝ። አንዲት ቃል ናት፤ እናቲቱ ቤት አንድ ነገር ናት፣ አያቲቱ ዘንድ ሌላ። ይህቺ ልጅ በዚያች ቃል ምክንያት ዓመቱን ሙሉ አዝና ከርማለች። ወርጄ አስረዳኋት። የእማማ ጾም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከል እንደሆነ፣ በየዓመቱም እስከ ገና እንደሚዘልቅ ነገርኳት።

«ፓይ ውስጥ እነዚያ ሁሉ አሉ» አለች። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች። «ያለ እነሱ ብጋግር ትበላለች?»

«እነዚያ ካልነኩት ትበላለች።»

«እርግጠኛ ነህ አባባ?»

አልፎ አልፎ አማርኛ ስትሞክር አንተ ነው የምትለኝ፤ የተማረችው ከእናቷ አፍ ነው፣ እናቷ ደግሞ እሷን አንቺ፣ ባሏን አንተ ነው የምትለው። አላርማትም። «ፓይውን እኔ እሠራዋለሁ፤ አንቺ አግዢኝ» አልኳት።

ወተቱ አላስቸገረኝም። ሱፍ ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በነጭ ሻሽ አጠለልኩና ከላም ወተት የማይለይ ነጭ ወተት አወጣሁ። ሊጡን በዘይት አሸሁት። ልጅቷ ደግሞ ቅቤ ነክቶት ያውቃል ብላ መጋገሪያውን ደጋግማ ፈተገችው፤ በኋላም አላመነችውም፣ እናቷን አዲስ አስገዛች። ያስቸገረኝ እንቁላሉ ነው። ዱባውን፣ ስኳሩን፣ ቀረፋውንና ዝንጅብሉን አንድ ላይ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ሰኞ በዱቄት ሞከርኩ፤ ስንቆርሰው ፈሰሰ። ማክሰኞ ዱቄቱን ጨመርኩ፤ ማንኪያ ሲተከልበት ቆሞ ቀረ።

«ሰኞ ወጥ፣ ማክሰኞ ገንፎ» አለች ልጅቷ። «ሌላ የሀበሻ ምግብ ቀረህ አባባ?»

ሳሎን ዳዊቷን ይዛ የተቀመጠችው ባለቤቴ ገንፎ የሚለውን ቃል ሰምታ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» አለች። ስፎክር በሰማች ቁጥር የምትለው ነው፤ ኦክላንድ ያለው ቤታችን ግድግዳ ሳይቀር ያውቀዋል። እኛም ሁለታችን ሰምተን አለፍነው።

ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግማ ትለኝ ነበር። «አባባ፣ ፍላክስ እንሞክር።» እኔ ፋክስ ያለች መስሎኝ ስለ ፋክስ ማሽን፣ በእጄም ስንቱን እንዳዳንኩ አጫወትኳት። «ፋክስ አይደለም፤ ፍላክስ። ዘር ነው። በእንቁላል ፋንታ ይገባል ይላል ስልኬ።» ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ለልብ ይጠቅማል ተብሎ በክኒን የሚሸጥ ፍላክስ የሚባል ዘይት አይቻለሁ። «እሱ መድኃኒት ነው፤ ፓይ ውስጥ አይገባም» ብዬ ዘጋሁት። የእንግሊዝኛ ቃል እኔ ካላወቅሁት የማይረባ ስለሆነ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት እጅጌዬን ይዛ ወደ ሱፐርማርኬት ወሰደችኝ። ከመደርደሪያው አንድ ከረጢት አወረደችና እጄ ላይ አኖረችው። ከረጢቱ ከፊት ለፊቱ ውስጡን የሚያሳይ ጥርት ያለ ላስቲክ አለው። ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣት ቢይዙት የሚያመልጥ።

«ይኼ ተልባ ነው» አልኩ።

«ተልባ ምንድን ነው?»

«ይኼ ነዋ። ፍላክስሽ።»

ቃሉን ደግማ አለችው፤ «ተልባ»። ከዚያ እኔ ከረጢቱን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ልትቆጣ ስትል «እቤት አለ» አልኳት። «የእማማ ቦርሳ ውስጥ።»

እውነት ነው። ባለቤቴ ጾም ሲገባ የተቆላና የተፈጨ ተልባ በማርማላታ ብልቃጥ ሳትይዝ ከኦክላንድ አትወጣም። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የምትቀምሰው እሱን በጥብጣ ነው። እኛ በዱቄት ስንታገል እንቁላሉ ሳሎን ሶፋው ሥር ተቀምጦ ነበር።

ቤት እንደገባን «አንተ ጠይቃት» አለችኝ። እንቢ አልኩ። ሄዳ ከባለቤቴ ፊት ቆመችና በአማርኛ ጠየቀቻት።

«እማማ፣ ተልባ ስጪኝ።»

ባለቤቴ ዳዊቷን አጠፈች። «ምነው ልጄ፣ ሆድሽ ደረቀብሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። በአገጬ ወደ አያቷ አመለከትኳት። «ለእንቁላል ነው» አለች።

«የምን እንቁላል? ጾም አይደለም እንዴ?»

«ጾም ስለሆነ ነው።»

ባለቤቴ ዳዊቷን ከጎኗ አኖረች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ብልቃጡን ግን አልሰጠቻትም፤ ራሷ ይዛው ወደ ወጥ ቤት መጣች። ተልባዋን ለማያውቅበት ሰው እንደማትተው ሴት አጠገባችን ቆመች። ልጅቷ ዱቄቱን በማንኪያ ለክታ ውሃ ጨመረች።

«አበዛሽው» አለች ባለቤቴ። «ቀንሺ።»

ቀነሰች፤ ማማሰል ጀመረች። መጀመሪያ ዱቄቱ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ቀጥሎ ተያያዘ። ማንኪያውን ስታነሣው ተከትሎ ተነሣ፤ ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ሳይበጠስ ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ተኛ። የእንቁላል ነጭ ክፍል ከተሰበረ ቅርፊት ሲወርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ያው ነበር።

ከልጅነቴ ጀምሮ ተልባ ጠጥቻለሁ። በዚያ ልስላሴው ጉሮሮዬን ሲያልፍ ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ራዲዮ ፈትቼ ያየሁ፣ ሞተር ፈትቼ ያየሁ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ተልባ ፈትቼ አላየሁም። ጾመኛው እንቁላል ተከልክሎ የሚጠጣው ነገር ውስጥ እንቁላሉ ተደብቆ ኖሯል። ይህን ማን አሰበው ብዬ ቆምኩ። ባለቤቴም ማንኪያውን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ራሷ አነሣችው፤ ክሩ ሲወርድ አየችው፤ አንድ ጊዜ ደገመችው። «ሥራው ድንቅ ነው» አለች። ስለ እኔ አልነበረም።

ፓይው ኦቭን ገባ። ያ እኔ ያዳንኩት ኦቭን መስታወቱ ጥርት ያለ ነው፤ መብራቱም የእኔ ሥራ ነው። ሦስታችንም ተጎንብሰን አየን። ዳር ዳሩ መጀመሪያ ጠቆር አለ፤ መሐሉ እንደ ኩሬ ሲርገፈገፍ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝም አለ። ረጋ።

ሐሙስ ማዕዱ ከሰዓት በኋላ ቀረበ። ልጄ ሌላ ከሱቅ የተገዛ ባለ ቅቤ ፓይ ጨምራለች፤ እንግዳ ቢመጣ ብላ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ባለቤቴ አማትባ ተቀመጠች። ልጅቷ ቆርሳ በሁለት እጇ አቀረበች፤ እንደ ዓምናው። ልጄ ብርጭቆ እየሞላች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ አላየችውም።

«ቢላው ያኛውን ነክቷል?» አለች ባለቤቴ።

«አልነካም። ሁለት ቢላ ነው» አለች ልጅቷ፣ በአማርኛ።

ባለቤቴ በሹካ አልበላችም፤ እንደ ዳቦ በእጇ ቆርሳ ጎረሰች። ማኘክ ጀመረች፤ ቆም አለች። የልጅቷ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላል አለበት?»

«የለበትም።»

«ቅቤስ?»

«የለም። ተልባ ነው። የራስሽ ተልባ።»

«ጾም የሚያስገድፍ ይመስላል» አለች ባለቤቴ። ሳህኑንም በጣቶቿ ወደ ራሷ ሳበችው።

ልጄ ፎጣ አምጥታ ጠረጴዛውን አደረቀች። ከዚያ ሳትቀመጥ፣ ቆማ እንዳለች፣ ከጾሙ ፓይ ለራሷ ቆረሰች። እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ትንሽ ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችላት። ባለ ቅቤው ፓይ እስኪመሽ ሳይቆረስ ቀረ። እኔ ነኝ በመጨረሻ ለአማቼ፣ ለልጄ ባል፣ ለሥራ ይዞት እንዲሄድ ያሸግሁለት።

በማግሥቱ ወደ ኦክላንድ ለመመለስ ስንሰናዳ ባለቤቴ የምትበጠብጠው ፈልጋ ብልቃጧን ከፈተች። ወደ ውስጥ አየች፣ ገለበጠችው።

«ተልባዬን ጨርሰሽ እኔ ምን ልጠጣ?»

ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «እንቁላል ጠጪ» አለቻት።

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። «ምላሷስ የአያቷ ነው» አለች ወደ እኔ እያየች። ልጅቷም ሳቀች፤ ሶፋው ላይ ጠጋ ብላ ራሷን በባለቤቴ ትከሻ ላይ ጣለች።

እኔ ቦርሳዎቹን በር ላይ አኖርኩ። ወደ ወጥ ቤት ሄጄ ኦቭኑን ከፍቼ አንድ ነገር እንደሚፈትሽ ሰው ወደ ውስጥ አየሁ። ቀዝቅዟል። የቀረፋውና የተልባው ሽታ ግን ገና አልወጣም ነበር።