እናቴ በሃያ ዘጠኝ ያከበረችው ልደት

እናቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ደብረ ብርሃን ከአክስቴና ከአያቴ ጋር ነኝ። አያቴ ቄስ ናቸው፤ አባባ ነው የምላቸው።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ሲጋመስ እናቴ ደወለችና ስልኩን ወደ መስኮት አዙራ ከተማውን አሳየችኝ። ሕንፃው ሁሉ መብራት በመብራት ሆኗል። የእነሱ ገና ነበር። አሠሪዋ፣ ማዳም ነው የምትላት፣ ዛሬ ዕረፍት ውጪ ብትላት እምቢ አለች። እንዴት ትውጣ? እኛ ጾም ላይ ነን። የእኔ በዓል ሌላ ቀን ስለሆነ ያን ቀን ስጪኝ ብላ ለመነቻት። ማዳምም ስቃ፣ እናንተ አገር ሕፃኑ ዘግይቶ ነው እንዴ የሚወለደው አለቻት።

እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ፈረንጆቹ ድሮ የቀን አቆጣጠራቸውን ሲያርሙ ጥቂት ቀኖች ዘለው አለፉ፤ እኛ አልዘለልንም። ይህን ለማዳም ንገሪያት አልኳት። እናቴ ግን ሐሳቧ ሌላ ነው። ፈቃድ አግኝታለች! ጓደኞቿ በተከራዩት ቤት ዶሮ ልትሠራ፣ ስልኩን ከፍታ አስቀምጣ ከእኛ ጋር ልትበላ ነው። ከሄደች ጀምሮ አንድም በዓል አብረን በልተን አናውቅም።

«ለሃያ ዘጠኝ ነው የፈቀደችልኝ» አለች።

አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ባለፈች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ልደት በሃያ ስምንት ይውላል። እናቴ ከስልኳ ላይ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝን ፈልጋ ነው ቀኑን የጠየቀችው።

በጆሯቸው፣ አንነግራትም፣ እኛም በሃያ ዘጠኝ ነው ብለን ዝም እንበል አልኳቸው። አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ነገሯት። እናቴ፣ የቄስ ልጅ ሆኜ ይህን ልርሳ ብላ በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። ቀኑን ማስቀየር አይቻልም፤ በሃያ ስምንት ማዳም እንግዶች አሉባት። እናንተ በቀናችሁ ብሉ፣ እኔ በማግስቱ ብቻዬን እበላለሁ አለችና ዘጋች።

ምን አለበት አንድ ቀን ቢያልፍ ብዬ አኮረፍኩ። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አስረዱኝ። እመቤታችን ልጇን የተሸከመችው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር ያች ቀን በእርግዝናዋ ላይ እንዳትጨመር ልደቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። የበዓሉ ቀን የሚቆጠረው በእናት ሆድ ነው ማለት ነው! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ኩርፊያዬን ረሳሁት።

በሃያ ስምንት ጠዋት አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። አክስቴ ከጫጫ ገበያ ያስመጣችውን ዶሮ ሠርታ ጨርሳለች፤ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። አባባ ማዕዱን ባርከው ዳቦ ቆረሱ፣ እርጎ ጠጡ፣ ወጡ ሲቀርብ እጃቸውን ሰበሰቡ።

አክስቴ ደነገጠች። ጨው በዛበት እንዴ፣ በልደት ቀን ይጾማል እንዴ አለቻቸው።

«ማን ጾመ? እርጎ ጠጥቼ የለም እንዴ። ዶሮው ነው ያላሰኘኝ።»

ዶሮ የማያሰኛቸው ቀን የለም። አክስቴ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፤ ከዚያ ድስቱን ከደነችው። የደብረ ብርሃን ብርድ እንኳን ለአንድ ቀን ለሳምንትም ያቆይልናል አለች። ጎረቤት ሲመጣ ግን፣ እኛ ቤት ልደት አልደረሰም እያለች አባባን ስትነካካቸው ዋለች።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ከፊቷ እንጀራና ወጥ አለ። ትናንት እንዴት ዋላችሁ ብላ ሳትጨርስ አክስቴ ድስቱን አምጥታ ስልኩ ፊት ከፈተችው። ሙሉ ነው። እናቴ ድስቱን አየች፤ አባባን አየች።

«አባባ፣ አልበሉም?»

«አላሰኘኝም ነበር» አሉ አሁንም።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ትንሽ ሳህን ብድግ አድርጋ አሳየችን። ፈረሰኛውን፣ ለአባወራ የሚቀመጠውን ብልት፣ ለብቻው አስቀምጣዋለች። እጄ ለምዶ ለእርስዎ አወጣሁት፣ አሁን ለማን ልስጠው አለች።

«አንቺው ብዪልኝ፣ ልጄ። ስትበዪ ልይሽ።»

እናቴ ጠቀለለችና ጎረሰች። አባባ አኝካ እስክትውጥ ድረስ ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ማዕዱ ቀረቡ።