ውሃ የጠጣው ኦፓል

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ፣ ከአስፋልቱ ማዶ አዲስ በሚሠራ ሱቅ ደጃፍ አንድ ሰው ሴራሚክ ይቆርጥ ነበር። አቧራው እንዳይነሳ ሌላው ውሃ ያፈስለታል። የረጠበ ድንጋይ ሽታ ወደ እኔ መጣ። ዝናብ ሲጀምር ከመሬት የሚነሳውን ይመስላል፤ ግን ከእሱ ቀዝቀዝ ይላል፣ ትንሽም ብረት ብረት ይላል። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ሽታ የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኮልፌ ግቢያችን ውስጥ ከነበረችው ከእትዬ ብርዛፍ ክፍል።

እትዬ ብርዛፍ ከወሎ፣ ከደላንታ የመጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ኦፓል የሚባለውን ድንጋይ እየሞረዱ በብር ቀለበትና በአንገት ሐብል ላይ ይተክሉ ነበር። ያኔ በሰፈራችን ወርቅ እንጂ ኦፓል የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። "ጠጠር አጣቢዋ ሴትዮ" ይሏቸው ነበር። ሞተራቸው ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና የተነቀለ ነው። ከላይ ከተንጠለጠለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ድንጋዩን በቀይ ሰም እንጨት ጫፍ ላይ ለጥፈው ወደሚሽከረከረው ሞረድ ሲያስጠጉት፣ ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። እኔ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ነበር።

በጣም ዓይናፋር ነበርኩ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ "አቤት" ለማለት እንኳ ድምፄ አይወጣም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ እትዬ ብርዛፍ ዘንድ ሄጄ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። "ምነው ዝም አልሽ?" የማይሉኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዳንዴ የደረቀ ድንጋይ መስኮቱ ጋ ይዘው ያዞሩልኛል። ሲያዩት እንደ ወተት ነጭ ነው። ትንሽ ዘንበል ሲል ግን ከውስጡ አረንጓዴ ይነሳል፣ ብርቱካን ይከተለዋል፣ ቀይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ውስጥ ሰዎች የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር፤ መብራት የሚያበሩና የሚያጠፉ፣ እርስ በርሳቸው በቀስታ የሚጠራሩ። ዓይኔን ስጨፍን በዚያች ከተማ መንገድ ላይ ስሄድ ራሴን አያለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወይዘሮ ታፈሱ የሚባሉ፣ ድሮ የሰፈራችን ሰው የነበሩ፣ በኋላ ሳንሱሲ ሰፈር የገቡ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። ሾፌር ልጃቸው ከወሎ ያመጣውን ኦፓል ለእህቱ ሰርግ ቀለበት እንዲሆን ለእትዬ ብርዛፍ ሰጥተው ነበር። ሰርጉ እሁድ ነው። ሐሙስ ቀለበቱ አልቆ ጥጥ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ብርዛፍ ሱቅ ደርሰው እስኪመለሱ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ፓስቲ እየበላሁ ነበር፤ በዘይታም ጣቴ ነካሁት። አሻራዬ ድንጋዩ ላይ ቀረ። እናቴ ዘይት የሚለቀው በሳሙና ነው ትላለች። ድንጋዩ ሲሞረድ ሁሌም እርጥብ ስለማየው ውሃ ይጎዳዋል ብዬ አላሰብኩም። ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ በሳሙና አሸሁት፣ ቆይቼ አወጣሁት።

ቀለሙ የለም። ከተማዋ ጠፍታለች። በእጄ የያዝኩት ብርጭቆ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጠርጌ ጥጡ ላይ እንደመለስኩት እትዬ ብርዛፍና ወይዘሮ ታፈሱ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ወይዘሮ ታፈሱ ቀለበቱን አነሱት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

እትዬ ብርዛፍ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው እርጥቡ እጅጌዬ ላይ አረፈና ተነሳ።

"ውሃ ነክቶት ነው። ይሄ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፣ ወይዘሮ ታፈሱ። ሦስት ቀን ሲደርቅ ይመለሳል።"

"ይጠጣል? ጠምቶት ነዋ፣ ምስኪን።"

"እውነቴን ነው። ውሃ የነካው እኔ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የልጄን ድንጋይ ለውጠሽ የጠርሙስ ስባሪ ተከልሽልኝ በይ እንጂ።"

ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። ሰው በየበሩ ብቅ አለ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ እኔ ግን እርጥብ እጅጌዬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

ወይዘሮ ታፈሱ ቀለበቱን እትዬ ብርዛፍ ዘንድ ለመተው እምቢ አሉ፤ ይዘውት ቢሄዱም በኋላ ራሷ ለወጠችው እንዳይባሉ ፈሩ። በመጨረሻ እናቴ ቤት እንዲቆይ ተስማሙ። "እሁድ ጠዋት እመጣለሁ። ያው ብርጭቆ ከሆነ አገር ይሰማል" አሉ። እትዬ ብርዛፍ ለእናቴ "ፀሐይ አይንካው፣ ምድጃ አጠገብም አይሁን፤ ከቸኮለ ይሰነጠቃል" ብቻ አሏት። ከዚያ በኋላ፣ ቀለበቱን ነካካች እንዳይባሉ፣ ሦስቱንም ቀን የቤታችንን ደፍ አልረገጡም።

ቀለበቱ ጥጥ ውስጥ ሆኖ ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በሻይ ብርጭቆ ተቀመጠ። አርብ እንዳለ ነው። በዚያው ዕለት ሁለት ሴቶች መጥተው ከእትዬ ብርዛፍ ዘንድ የነበረውን ድንጋያቸውን ወሰዱ። ሞተሩ ዝም አለ። ግቢው ያን ያህል ጸጥ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ባሰበት። እንደ ጠመኔ ነጣ። እናቴ "አሁንስ ኖራ ሆኖ አረፈው" አለች። ሮጬ እትዬ ብርዛፍ በር ላይ ቆምኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር።

"ነጣ?" አሉኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው።

"ጥሩ ነው። ውሃው እየወጣለት ነው።"

ፊታቸው ግን ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። የምነግራቸው ነገር እንዳለኝ የሚያውቁ ይመስለኛል። ጠበቁኝ። አልቻልኩም፤ ተመለስኩ።

እሁድ ማንም ሳይነሳ ቡፌው ጋ ሄድኩ። ብርሃን በመጋረጃው ጠርዝ ገና እየገባ ነበር። በነጩ ድንጋይ ዳር አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አየሁ፤ በአንድ ቤት መብራት የበራ ይመስል። ዓይኔን ሳልነቅል ቆየሁ። ሁለተኛዋ በራች። ከዚያ ብርቱካኑ መጣ፣ ቀዩም ከታች ተነሳ። ሰዎቹ ከረጅም መንገድ ወደየቤታቸው እየገቡ ነበር። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ደንዝዞ ነበር።

ወይዘሮ ታፈሱ ለሰርጉ ጸጉራቸውን ተሠርተው መጡ። እትዬ ብርዛፍ ከደፉ ውጪ ቆሙ። ወይዘሮ ታፈሱ ቀለበቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ፊታቸው ፈካ። ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

"የልጄ ድንጋይ ይሄ ነው። ታዲያ ሐሙስ ያየሁት ምን ነበር? ነገሩ ሲከር ዋናውን መልሳችሁ ተካችሁታ።"

"በእኔ ቤት?" አለች እናቴ።

ድንጋዩ ተመልሶ ካላሳመነ እትዬ ብርዛፍ ምን ይበሉ? እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "በሳሙና አጠብኩት። በዘይታም እጄ ነክቼው ነበር።"

ወይዘሮ ታፈሱ እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ።

"ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?"

"እኔም አልፎ አልፎ ነው የምሰማት" አለች እናቴ።

"ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?" አሉኝ ወይዘሮ ታፈሱ።

ከበሩ ውጪ እትዬ ብርዛፍ በቀስታ "እሷም ሦስት ቀን ፈጀባት" አሉ።

ወይዘሮ ታፈሱ መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ አፈሩ። ወጥተው፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ "ይቅር በይኝ፣ ብርዛፍ። ሰርጉ ላይ እንዳትቀሪብኝ" አሏቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ሞተሩ እንደገና ይጮህ ጀመር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እናታቸው ስለታመሙ እትዬ ብርዛፍ ወደ ደላንታ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን አልሰማሁም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም፤ አሁን ልብስ ሰፊ ቤት እሠራለሁ። ዛሬም አንድ ነገር ለመናገር ጊዜ ይፈጅብኛል። ደንበኛ ይቸኩልብኛል፣ አንዳንዱ ያልሰማሁት መስሎት ደግሞ ይጠይቀኛል። ድሮ እንዲህ ሲሆን ፊቴ ይቃጠል ነበር። አሁን ግን መርፌዬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። ቃሉ መንገድ ላይ ነው።