ቨርላና ዘጠኙ የፍላጻ ጫፎች

ትምህርት ተከፍቶ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሴቶች ሲገናኙ መጀመሪያ ያዩት የቨርላ ሆስኪንስን ግራ ክንድ ነው። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ አንዲት ጠጉር የለበትም፤ የተላጠ እንቁላል ነው የሚመስለው። አንዷ በሽታ መስሏት ድንግጥ አለች። ሌላዋ ግን ባሏ አዳኝ ስለሆነ ገና ስታየው ገባት።

"ዘንድሮ ለአደን ልትወጪ ነው እንዴ?" አለቻት።

ቨርላ እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አድርጋ የተማሪዎቹን ድንች መላጥ ቀጠለች።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በቆየባቸው ሦስት ወራት ቨርላ የፍላጻ ጫፍ ስትስል ነው የከረመችው። ጫፍ የምንለው ፍላጻው ፊት ላይ ተጠምዝዞ የሚገጠመውን ባለምላጭ ብረት ነው፤ የደጋን አዳኝ ሌላው ዕቃው ሁሉ ቢያምር ጫፉ ደነዝ ከሆነ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ቨርላ በሞረድ ትስላለች፣ በክንዷ ጠጉር ትሞክራለች። ጠጉሩ ሳይጎተት ከተላጨ ወደ ሁለተኛው ፈተና ታልፋለች። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በስኒ አፍ ላይ ወጥራ ጫፉን ቀስ አድርጋ ታስነካዋለች። ላስቲኩ ገና ሲነካው ጧ ካላለ፣ እንደገና ወደ ሞረዱ።

ወጥ ቤቷ መስኮት ሥር ዘጠኝ ዓይነት ጫፍ ተደርድሮ ነበር። ባለ ሁለት ምላጭ፣ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት፣ አፍንጫው እንደ መሮ የሾለ፣ ወገቡ የቀጠነ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ሁሉም ያበራሉ፤ እሷም ቡናዋን ይዛ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። አንድ ዓይነት ብቻ የለም፤ የሚከፈተው። ያኛው ሲወረወር ምላጮቹን አጥፎ ይሄድና ገላ ሲነካ ነው የሚዘረጋቸው። እሱን እቤቷ አታስገባም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ምክንያቱን ልንገራችሁ። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ሃምሳ አንደኛ ልደቷን ባከበረች ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሟ ዌንደል ሦስት የሚከፈቱ ጫፎች በስጦታ ሰጣት። ስጦታ አይናቅም ብላ አንዱን ገጥማ ወጣች። አንድ ወንድ ኤልክ፣ ያ ፈረስ የሚያህለው የተራራችን አጋዘን፣ ሃያ እርምጃ ላይ ቆመላት። ፍላጻውን ስትለቅ ኤልኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጫፉም የትከሻ አጥንቱ ላይ አረፈ። ምላጮቹ አጥንቱ ላይ ተዘረጉና ጉልበታቸው እዚያው አለቀ፤ የገባው የጣት ያህል ብቻ ነው። ኤልኩ የፍላጻውን እንጨት ዛፍ ላይ ሰብሮ ሄደ። ቨርላ ሁለት ቀን ሙሉ በቢጫ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ያለ ደም ስትከተል ቆይታ፣ በሦስተኛው በረዶ ወረደና ሁሉን ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዘንድሮ ደጋኗ ከተሰቀለበት አልወረደም።

ያ ኤልክ ግን ከሕልሟ አልወጣም። ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በጭጋግ ውስጥ፣ በነጫጭ ግንዶች መሐል፣ ጀርባውን ሰጥቷት እያነከሰ ይሄዳል። ትጣራለች፤ ምን ብላ እንደምትጣራ ግን ስትነቃ አታስታውሰውም። አይዞርላትም። የት ወድቆ፣ ስንት ቀን ተሰቃይቶ እንደሞተ ሳታውቅ ሰባት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖረች።

ዘንድሮ ቀኝ ትከሻዋ ነገሩን አስቸኮለው። ሐኪሙ ኅዳር ላይ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፣ ከዚያ በኋላ ደጋን መሳብ የሚባል ነገር የለም ብሏታል። ስለዚህ ወይ በዚህ መስከረም አንድ ንጹሕ ፍላጻ ትለቃለች፣ ወይ ያ የሚያነክስ ኤልክ እስከ መቃብሯ አብሯት ይወርዳል። እሷ እንደዚያ ነው ያሰበችው፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

የዕቃ ሻጩ ረስል ገና ሰኔ ላይ፣ ሱቁ በገባችበት ቀን፣ ቁርጡን ነግሯታል።

"ትከሻሽ ታሟል፣ ደጋንሽን አላልተሻል፣ ጉልበቱ ቀንሷል። ሰፊ ምላጭ አይሆንሽም። ጠባብ፣ ከበድ ያለ፣ ባለ ሁለት ምላጭ፣ የማይታጠፍ። አለቀ!"

"አጥንት ቢያገኘውስ?"

"አጥንት ባታስነኪው ነዋ!"

ያንኑ ገዝታ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ ባለ ሦስቱን ወሰደች፤ በሳምንቱ ባለ አራቱን። ጓሮዋ ካለው ኢላማ ላይ እያንዳንዱን ወረወረች። ምላጭ ያለው ጫፍ ነፋስ ይይዘዋል፤ ምላጭ በሌለው መለማመጃ ጫፍ መሐል ይመታ የነበረው ፍላጻ ሁለት ጣት ወደ ግራ ይሄድባታል። አስተካከለችው፣ ተስተካከለ፤ አሁንም አላመነችውም። ዘጠነኛዋን ልትገዛ ስትመጣ ረስል ሁለት እጁን አገጩ ሥር አድርጎ አያት።

"ቨርላዬ፣ ባልሽን እንኳ እንዲህ አላማረጥሽም እኮ።"

"አላማረጥኩማ! ውጤቱን አይተኸው የለ?"

ረስል እስኪያስለው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ዘጠነኛዋንም ገዛች።

የአደኑ ወር ገባ። ተራራው ላይ ኤልኮቹ ማፏጨት ጀመሩ፤ ያ ቀጭኑ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ተስቦ ተስቦ የሚወጣው ድምፅ ደጃፏ ድረስ ይሰማል። ቨርላ ጎሕ ሳይቀድ ትነሣለች፣ ትለብሳለች፣ በዘጠኙ ጫፎች ፊት ትቆማለች፣ ከዚያ ልብሷን ቀይራ ወደ ሥራ ትሄዳለች። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ጫፉማ ሰኔ ላይ ተመርጧል፤ ያልቆረጠው ልቧ ነው።

በሦስተኛው እሑድ ከሰዓት ዌንደል ቢራውን ይዞ መጣ፤ በረንዳዋ ላይ ተቀመጡ። ዌንደል ደግ ሰው ነው፤ ጉራውን ግን መኪናው አይችለውም። ከጋራዡ በር በላይ የሰቀለው የኤልክ ቀንድ በወረዳችን ተወዳዳሪ የለውም፤ በየጎኑ ስድስት ስድስት ቅርንጫፍ። እንዴት እንደ ድመት አድብቶ እንደጣለው ላለፉት አምስት ዓመታት ለመንደሩ ሁሉ ተርኳል። ስብሰባ ላይ ተርኳል፣ ቀብር ላይ ተርኳል።

"ሁለት ሳምንት ቀረሽ እኮ፤ መቼ ነው የምትወጪው?" አላት።

"አልወጣም።"

"እንዴት አልወጣም?"

"የሚታመን ጫፍ የለም። ሁሉንም ሞክሬአለሁ። ነገ ለረስል እመልስለታለሁ፣ ደጋኑንም እሸጠዋለሁ። አንዱን አሰቃይቼ ገድያለሁ፤ ይበቃኛል ዌንደል።"

ዌንደል ሦስተኛውን ቢራ ከፈተ። አልጠጣውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱን ግን ያወጣው የእህቱ ዓይን ይመስለኛል። ተነሥቶ ወደ መኪናው ሄደ፣ የዓሣ ማጥመጃ ሣጥኑን ገለበጠ፣ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

ጨርቁን ፈታችው። የመዳፍ ስፋት ያለው የትከሻ አጥንት ቁራጭ ነው። አጥንቱ ውስጥ የተከፈተ ጫፍ ተቀብሯል፤ ዙሪያውን አዲስ አጥንት በቅሎ፣ እንደ ዛፍ ልጥ አቅፎታል። በብረቱ እግር ላይ በምስማር የተጫረ ሁለት መስመር አለ። የቨርላ ምልክት ነው።

"ከየት ነው?"

"ጋራዡ ላይ ካለው።"

"የቱ ጋራዥ?"

"የኔ ነዋ። ያ ቀንድ።" ዌንደል ጫማውን እያየ ነበር የሚናገረው። "አንቺ ከመታሽው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው የጣልኩት። ስገፍ ጫፍሽን አገኘሁት። አልሞተም ነበር ቨርላ። ድኖ ነበር።"

እኛ ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ ቀድሞ ያደማ ሰው የቀንዱ ባለቤት ነው። ዌንደል ያንን ቀንድ እጁን ዘርግቶ መስጠት አልሆነለትም። ዛሬ እነግራታለሁ ነገ እነግራታለሁ ሲል አምስት ዓመት ሄደ።

"ለቀንድ ብለህ?" አለች ቨርላ፣ ቀስ ብላ። "እኔ እኮ በየሳምንቱ ሥሩ አልፌ ነው እቤትህ የምገባው። አየው ነበር እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ውጣልኝ።"

ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ።

አራት ቀን አላናገረችውም። አጥንቱን መስኮቱ ሥር፣ ከዘጠኙ ጫፎች አጠገብ አስቀመጠችው፤ ድንገት እየተነሣች በጣቷ ትዳብሰዋለች። አዲሱ አጥንት ልስልስ ነው። በወንድሟ ላይ ያደረባት ንዴት አንጀቷን ያቃጥላታል፤ ከንዴቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ስም ያላወጣችለት፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ደረቷን የከፈተላት ነገር። በአራተኛው ቀን ስልክ አነሣች።

"ነገ ጎሕ ሲቀድ ና። ፊሽካህን ያዝ፤ አንተ ትጠራለህ፣ እኔ እወረውራለሁ። ወሬ እንዳታበዛ።"

"እሺ እህትዬ።"

ከመስኮቱ ሥር ሰኔ ላይ የገዛችውን ባለ ሁለት ምላጩን አነሣች። ላስቲኩን አስነካችው። ጧ አለ።

ማለዳ ጭጋጉ ከሸለቆው ተነሥቶ ግንዶቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸው ነበር። ቨርላ ከአንድ ጥድ ሥር ተንበረከከች፤ ዌንደል ከኋላዋ ርቆ በፊሽካው የሴቷን ኤልክ ድምፅ አሰማ። ዝም። ደግሞ አሰማ። ከላይ አንድ ፉጨት መለሰ፤ ቀጥሎ ቀረብ ብሎ። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ቨርላ የነቃች አልመሰላትም፤ ያንኑ ሕልም የምታየው መሰላት። ኤልኩ ከጭጋጉ ወጣ። ፊቱን ሰጥቷት ነበር፤ ደረቱ ሁሉ አጥንት ነው። አልወረወረችም። ጠበቀች። ኤልኩ ጎንበስ ብሎ ሣር ነጨ፣ ከዚያ በዝግታ ዞረና ጎኑን ሰጣት። ሳበች። ትከሻዋ ጮኸባት፤ እሷ አልሰማችውም። የፊት እግሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ የትከሻ አጥንቱ ከጎኑ ገለል እስኪል ታገሠችና ለቀቀች።

ኤልኩ ምንም እንዳልነካው ቀና አለ። ዙሪያውን አየ። እንደገና ሣር ነጨ፣ እያኘከም ከወደቀ ግንድ ማዶ ተሠወረ።

ፍላጻው ከጎኑ ማዶ ወጥቶ መሬት ላይ ተተክቷል፤ ላዩ ላይ ያለው ደም ሮዝና አረፋማ ነው። የሳንባ ደም ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ቢሆንም ከምት በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይቀመጡ መከተል ነውር ነው፤ ገና ያልወደቀውን አስደንግጦ ማስሮጥ ይሆናል። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቨርላ የዛሬ ሰባት ዓመትም እንዲሁ ተቀምጣ ነበር።

"ንገረኝ" አለችው።

"ምኑን?"

"ያንን ኤልክ። ስታየው እንዴት ነበር? ራስህን እንዳታስገባበት።"

ዌንደል ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ተናግሮታል፤ እንዲህ ግን ተናግሮት አያውቅም።

"ሜዳው ላይ ውርጭ ነበረ። ዘጠኝ ሴት ኤልኮች ይዞ መጣ። አንድ ጎረምሳ ኤልክ ሊነጥቀው ከታች ወጣ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀው፤ ሲገጥሙ ጎረምሳውን እስከ ወንዙ ድረስ ገፋው።"

"በየትኛው ትከሻ ነው የገፋው?"

"በግራው። በመታሽው።"

"አላነከሰም?"

"አላነከሰም።"

"ደግመህ ንገረኝ።"

ደግሞ ነገራት። ዘጠኙን ሴቶች፣ ውርጩን፣ ወንዙን። ፀሐይ ጭጋጉን እስክትበላው ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገመችው፤ ዕንባዋ ይወርድ ነበር፣ አልጠረገችውም።

ሲነሡ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። ኤልኩ ከግንዱ ማዶ፣ ስልሳ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ፣ እግሮቹን አጥፎ ተኝቷል። አፉ ውስጥ ያላኘከው ሣር ነበር። ቨርላ ተንበርክካ መዳፏን አንገቱ ላይ አሳረፈች፤ ገና ሙቅ ነው። ዌንደል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ግን አላስቻለውም፣ ዓይኑ የቀንዱን ቅርንጫፎች መቁጠር ጀመረ።

"ዌንደል" አለችው።

"አቤት።"

"የዚህኛው ቀንድ ላንተ ይሁን።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው። ጋራዥህ ላይ ስቀለው። የእኔን ግን ዛሬውኑ አውርድልኝ።"