የሚቀመጠው ድምፅ

ጅቡቲ ውስጥ ብርድ ልብስ ይዞ መኖር ያስቃል። እኔ ግን አንድ አለኝ፤ ግራጫ፣ ከባድ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያለበት የደጋ ብርድ ልብስ። ቁም ሳጥኔ አናት ላይ ተጣጥፎ ይኖራል። ሰሞኑን የጣሪያው ቬንትሌተር ተበላሽቶብኝ ሊጠግን የመጣው ሰውዬ መንገድ ሲዘጋበት ጊዜ አንስቶ አልጋዬ ላይ ወረወረው። አቧራው ቦነነ። ከአቧራው ጋር ያ ሽታ መጣ፤ የቀይ ሽንኩርት፣ የላብ፣ የጋለ ሽቦ። ሰውዬው እየሳቀ፣ እዚህ አገር ማን ይበርደዋል ብለሽ ነው አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ሲሄድ ግን ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሬ ቁጭ አልኩ።

ብርድ ልብሱን ያመጣው አያቴ ነው። በባቡሩ ዘመን ለሥራ ወደዚህ ሲወርድ፣ ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሉት ስላላመነ ተሸክሞት መጣ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልለበሰውም። ለአባቴ ተወው፣ አባቴም ካርቲየ ሰባት ሰፈር ከነበረችው ሱቃችን ጀርባ፣ የሽንኩርት ጆንያ በምናከማችበት ክፍል ውስጥ ወረወረው። የሮክ ባንዳችንን ያቋቋምነው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። አዎ፣ የሮክ ባንድ፤ ለዚያውም በጅቡቲ። ጎረቤቶቻችን ጄኔሬተር ገዛችሁ እንዴ እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

አራት ነበርን። ጊታሪስቱ አብሮኝ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ የተማረ የሶማሌ ልጅ ነው፤ አማርኛውን የለመደው እኛ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲጫወት ነው። ቀጭን፣ መነጽራም፣ ከኢንተርኔት ያየውን የፈረንሳይኛ ትምህርት ሁሉ እንደ ሃይማኖት የሚያከብር። ቀረጻውንም የሚመራው እሱ ነበር። ድራመሩ የአርሂባ ሰፈር ልጅ፣ አፋር፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ አንደበቱ ግን ቁጥብ። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፤ ሌላው ሁሉ ሲያዝ የተረፈኝ እሱ ነበር። አራተኛዋ ድምፃዊታችን ናት።

እሷ ከኮምቦልቻ የመጣች ልጅ ነበረች። ራስ ዲካ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ውስጥ እያደረች ትሠራለች። ሱቃችን የምትመጣው ለራሷ ሽሮ ልትገዛ ነው። አንድ ቀን እየመዘንኩላት ሳለ ከራሷ ጋር ታንጎራጉር ጀመር። በጣም ቀስ ብላ ነበር፤ ግን ሚዛኑ ላይ እጄን ረስቼ ቆምኩ። ትዘፍኛለሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስለ መዝፈኑ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

የእረፍት ጊዜዋ አርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በካውያ ልብስ እየተኮሰች በልቧ የገጠመችውን ይዛልን ትመጣለች። ወረቀት ላይ አትጽፍም። እመቤቷ ቀን ቀን ስለምትተኛ በዚያ ቤት የሚወጣ ዜማ ሁሉ የሚወጣው በሹክሹክታ ነበር። እኛ ክፍል ስትገባ ነጠላዋን ምስማር ላይ ትሰቅልና የሽንኩርት ጆንያው ፊት ትቆማለች። እጇን ጆንያው ላይ እንደ ካውያ እየገፋች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ እያነሳች ትዘፍናለች። ድራመሩ ዓይኑን ከእጇ አይነቅልም። ስትገፋ ትልቁን ከበሮ፣ ስታነሳ ሲምባሉን፣ የናሱን ሳህን፣ እያለ ምቱን የሚወስደው ከዚያ ነው። እሱን ተከትዬ እኔ እገባለሁ፣ ጊታሪስቱ ከላይ ይመጣል። ዘፈኖቻችን በሙሉ የተሠሩት እንደዚህ ነው፤ በመተኮስ። አንዱ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

ቀኑን የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ፣
ባዶውን እጅጌ ማን ነህ እለዋለሁ።

ይህን በሹክሹክታ የተወለደ ነገር ስትጮኽበት መስማት ነበረባችሁ። ድራመሩ መጀመሪያ ላይ ድምፅዋን እንዳይሸፍን ፈርቶ በስሱ ይመታ ነበር። እሷ ናት የከለከለችው። «በርታ፣ ምታው» አለችው። «እኔ በዚያ ቤት በር እንኳን ድምፅ አሰምቼ ዘግቼ አላውቅም። እዚህ ልጩኽበት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ይመታ ጀመር። እሷም ከእሱ በላይ ለመሰማት ስትጥር አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል፣ ፊቷም ይበራል።

በጋው ሲገባ፣ ያ ከበረሃ የሚነሳው የእሳት ነፋስ ሲጀምር፣ ልንቀረጽ ወሰንን። የቸኮልነው ያለ ነገር አልነበረም። አሠሪዎቿ ሙቀቱ ሲበርድ አገር ሊለቁ ነው፤ እሷን ደግሞ ይዘዋት ወደ አንዱ የዓረብ አገር ሊሄዱ ነው። ከመሄዷ በፊት ዘፈኗን ተቀርጾ መስማት ፈለገች። ኮምቦልቻ ለቀረችው ታናሽ እህቷ ልትልክላት ነው፤ ልጅቷ በእሷ እንጉርጉሮ ነበር አሉ እንቅልፍ የሚወስዳት። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ዝናም፣ ገንዘብም አላነሳችም።

ስቱዲዮ የሚባል ነገር አናውቅም። ያለን የጊታሪስቱ አሮጌ ኮምፒውተርና ከየሰዉ የለቃቀምናቸው ማይኮች ናቸው። አርብ ሶላት አልቆ ጫቱ ሲገባ ከተማው ጸጥ ይላል፤ መኪናው ይቀንሳል፣ ወንዱ ሁሉ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል፣ ሻጮቹ ጥሪያቸውን ይተዋሉ። የእኛ ሰዓት ያ ነው፤ ከዚያ እስከ ማምሻው አዛን። ድምፅ እንዳይገባ ቬንትሌተሩን እናጠፋለን፣ መስኮቱን እንዘጋለን። የሱቁን ማቀዝቀዣ እንኳ ስለምንነቅለው አባቴ ለስላሳዬን አፈላችሁት እያለ ያጉረመርማል። ከየቀረጻው በኋላ በረዶ የተሞላ ሳፋ መሃላችን አስቀምጠን እጃችንን እንነክርበታለን። ሽንኩርቱ በሙቀት እየበሰለ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የቀረጻ ሥርዓቱን ያወጣው ጊታሪስቱ ነው። መጀመሪያ ድራም፣ ቀጥሎ ቤዝ፣ ከዚያ ጊታር፣ ድምፅ መጨረሻ። የትም እንደዚህ ነው የሚሠራው አለን፤ እኛም አመንን። ድራሙ ሲቀረጽ እሷ አብራ ትዘፍናለች፣ ግን ድራመሩ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ብቻ ነው። ድራሙ ካማረ በኋላ ያ ድምፅ ይሰረዛል፤ ኮምፒውተሩም ጠባብ ስለነበረ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የሚጣለው ድምፅ እንለው ነበር። እሷ ግን የሚጣለውንም እንደዚያ አሳምራ ነበር የምትዘፍነው።

«የሚቀመጠውን መቼ ነው የምዘፍነው?» ትለው ነበር ጊታሪስቱን።

«መጨረሻ ላይ» ይላታል እሱ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ብርድ ልብሱ ሥራ ያገኘው ያኔ ነው። ድምፅዋ ወደ ድራሙ ማይክ እየገባ አስቸገረ። ገብቶ ከቀረ በኋላ ማውጣት አይቻልምና በመሃላቸው ወፍራም ነገር መጋረድ ነበረበት። ብርድ ልብሱን አባቴን ስጠይቀው ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። የልጅቷን ድምፅ ለመከለል አልኩት። «ድምፅዋን ፈልጋችሁ አምጥታችሁ መልሳችሁ ትከልሉታላችሁ?» አለኝ። አባቴ ሙዚቃ አያውቅም ብዬ አልፌው ሄድኩ። ክፍሉን ለሁለት ከፍለን፣ ብርድ ልብሱን በምስማር ወጠርነው። እሷ በወዲያ፣ ድራሙ በወዲህ ሆኑ። እጇን ማየት ስላልቻለ ድራመሩ በጣም ከፋው።

በዚህ ምክንያት ይሁን በሙቀቱ፣ ድራሙ አልያዘልን አለ። አንዱ አርብ ሲያልፍ በሚቀጥለው እንደገና እንጀምራለን። የሸሚዙን ዘፈን ስንቀርጽ ደግሞ እመሃል ላይ ምስማሩ ተነቀለና የብርድ ልብሱ አንድ ጫፍ ወደቀ። ድራመሩ በቀዳዳው እጇን አየ። ፈገግ አለ፣ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው መታው፤ እንደዚያ ቀን መትቶ አያውቅም። ጊታሪስቱ ድምፅዋ ገብቷል ብሎ ተናደደ፣ ድገሙት አለ። ድራመሩ ግን ወንበሩ ላይ ራሱን ሊስት ደርሶ ነበር። በረዶ ራሱ ላይ አደረግንለት። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በሌሎቹ መሣሪያዎች እንሸፍነዋለን ተባለና ታለፈ።

ቤዜን ጨረስኩ። ጊታሪስቱ ጊታሩን ይጨርሳል ብለን ስንጠብቅ አንዷን ጩኸት ለማሳመር ሳምንታት ፈጀ። እሷ አርብ አርብ መጥታ ጆንያው ላይ ቁጭ ትላለች፣ በረዶ ትከሰክስልናለች። መቼ ነው ማለቷን ቀንሳ ነበር። ሙቀቱ አልበረደም፤ ጊዜ አለን ብለን አሰብን።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሱቅ ሆኜ ስልኬ ጠራ፤ እሷ ናት። ከበስተጀርባዋ የአየር ማረፊያ ማስታወቂያ ይሰማል። አሠሪዎቿ ሙቀቱ መሯቸው ከታሰበው ቀን በፊት ሊሄዱ ወስነው፣ ሌሊቱን ሻንጣ ስታዘጋጅ አድራለች። እንደ ልማዷ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

«እህትዬ፣ ነገ አልመጣም። ይዘውኝ ሊሄዱ ነው።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እሷ ያለችውን ግን አስታውሳለሁ።

«የሚቀመጠውን አልዘፈንኩም እኮ።»

ስትደርሺ በስልክሽ ቀርጸሽ ትልኪልናለሽ፣ እኛ እናስገባዋለን አልኳት። እሺ አለች። ለተወሰነ ጊዜ ስልኳ ይጠራ ነበር፣ አይነሳም። ኋላ መጥራቱንም ተወ። የእህቷን ስልክ ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር። ኮምቦልቻ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ግን እህቷ ጅቡቲ የሄደችባት ልጅ በዚያ አገር ብዙ ናት።

በማግስቱ አርብ ሦስታችን ኮምፒውተሩን ከበብን። ጊታሪስቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ በአንድ ፈለገ። የሚጣሉት ድምፆች በሙሉ ተጥለዋል። ዘፈኖቹ ሁሉ አሉ፤ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ጥርት ብለው። እሷ የለችም። መጨረሻ ላይ የሸሚዙን ዘፈን ድራም ብቻውን ከፈተ። ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ማዳመጫውን ለድራመሩ ሰጠው።

ነበረች። ብርድ ልብሱ ከወደቀበት ቦታ ጀምሮ፣ ከሲምባሉ ጀርባ፣ ሩቅ ቤት ውስጥ እንደሚዘፍን ሰው። ቃሉ አይለይም፤ የሚያውቀው ብቻ ይለየዋል። ሲምባሉ ሲመታ ትሰጥማለች፣ ሲያርፍ ብቅ ትላለች። ጊታሪስቱ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። እሷን ከፍ ባደረገ ቁጥር ድራሙ አብሮ ይጮኻል፣ ድራሙን ሲቀንስ አብራው ትጠፋለች።

ሌላ ድምፃዊት እንፈልግ ያለው እሱ ነው፤ አልፈርድበትም። ድራመሩ ነው እንቢ ያለው። «ሸሚዙን የተኮሰችው እሷ ናት» አለ፣ ሌላ አልጨመረም። ስለዚህ የሸሚዙን ዘፈን ብቻ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅነው። ሌሎቹን ተውናቸው። እህቷ አንድ ቀን በሆነ መንገድ ትሰማዋለች ብለን ነበር። ያዳመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከሥሩ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከድራሙ ጀርባ የሚሰማው ጫጫታ ምንድን ነው፣ ለምን አታጸዱትም ብሎ ጻፈ። ከዚህ ሌላ የደረሰን አስተያየት የለም።

ጊታሪስቱ ለትምህርት ፈረንሳይ ሄዶ ቀረ። አባቴ አረፈ፣ ሱቋን ስልክ ሻጭ ተከራያት። ያቺ የሽንኩርት ክፍል አሁን የስልክ ካርቶን መጋዘን ናት፤ በፊቷ ሳልፍ ሽንኩርት አይሸተኝም። ቤዜን ሸጥኩት። ድራመሩ ወደብ ላይ ይሠራል፣ ጆሮው ትንሽ ደክሟል፣ ልጆች አሉት። ባለፈው አርብ መጣ። አልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ሲያይ ሳይጠይቀኝ ጠርዙን በእጁ ፈለገ። ምስማሩ የቀደደውን ጫፍ አግኝቶ ያዘው።

«ዘፈኑ አለሽ?» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁና ከፈትኩለት። ራሱን አስጠጋ። እሷ ወደምትገባበት ሲደርስ ከፍ አድርጊው አለኝ። ከፍ አደረግሁት። የተሰማው እሱ ነው፤ ሲምባሉ፣ ትልቁ ከበሮ። ደግሞ ከፍ አድርጊው አለኝ፣ ደግሞ እሱ ነው። እጁን ዘርግቶ ራሱ አጠፋው።

«ቀስ ብዬ መትቼ ቢሆን ኖሮ» አለ።

«በርታ ያለችህ እሷ ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ጫፉን ግን አለቀቀውም።