ሲንቄዬና የልጄ ወንበር

ወንድሜ መርከበኛ ነው። የልጄን ተሽከርካሪ ወንበር ከአንድ የቻይና ወደብ ገዝቶ ላከልኝ። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እግሮቿ አይታዘዙላትም። ትምህርት ቤት አዝዬ አደርሳት ነበር። በዚያ ዓመት ወገቤ እምቢ አለኝና ቤት ዋለች።

ወንበሩ አሰላ ከደረሰ በኋላ የጉምሩክ መጋዘን ግቢ ውስጥ መኪና ላይ ሁለት ቀን ቆየ። የጉምሩክ ፈታሾች ጭነቱ ወርዶ ይታይ አሉ፤ እናውርድ ብለው የመጡት ግን የራሳቸው ጥበቃዎች ነበሩ። እዚያ ግቢ ደግሞ ዕቃ የሚነካው የጫኝና አውራጅ ማህበሩ ባለተራ ብቻ ነው። ማህበርተኞቹ ሄደው መኪናው ጎማ ሥር ተቀመጡ።

«እኛ ማህተማችሁን አልነካንም፤ እናንተም ጭነታችንን አትንኩ» አለ የማህበሩ አለቃ።

«እናንተ ተራ ስትቆጥሩ ዕቃው ያረጃል» አለ አንዱ ፈታሽ።

«ወረቀታችሁን ሲጠብቅ ያረጀውን በእኛ ታሳብባላችሁ?»

ለወንድሜ ደወልኩ። «እዚህም ያው ነው» አለኝ። «ጫኞች ከተቀመጡ መርከባችን ይቆማል። ታገሺ እህቴ።»

በሦስተኛው ቀን ስወጣ ልጄ «እማ፣ ዛሬስ?» አለችኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኳት።

ከበሩ ጀርባ ሲንቄዬን አነሳሁ። እናቴ በሠርጌ ቀን የሰጠችኝ ቀጭን በትር ናት። በእኛ በአርሲ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃል ከቆመች የተጣሉ ሰዎች አልፈዋት አይማቱም።

መጋዘኑ ስደርስ አንዱ ጥበቃ ዱላ አንስቷል፤ አለቃው ድንጋይ ይዟል። መሃላቸው ገብቼ ቆምኩ። ሲንቄዬን ከፍ አደረግኩ። ዱላውም ወረደ፤ ድንጋዩም መሬት ወደቀ።

ፈታሹ ጥበቃዎቹን ወደ ኋላ መለሰና «በሉ አውርዱ፤ እኛ ቆመን እናያለን» አለ።

አለቃው ወደ እኔ ዞረ። «አዴ፣ እናታችን፣ የእርስዎ ዕቃ የቱ ነው? እሱን እናስቀድምልዎ።»

አፈርኩ። እነሱ ለሰላም የቆምኩ መስሏቸዋል፤ እኔ ከቤት ስወጣ ያሰብኩት ወንበሩን ብቻ ነበር። እሺ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«የእኔ መጨረሻ ይውረድ» አልኩ።

የአስር ሶላቴን እዚያው ባዶ ጆንያ ላይ ሰገድኩ። የወንበሩ ሳጥን ሲወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ፈታሹ ከፍቶ አየውና ክዳኑን በራሱ እጅ መለሰ።

ቤት ስገባ «ዘገየሽ» አለችኝ ልጄ።

«ብዙ ሰው ነበር» አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ጎማዎቹን በእጆቿ እየገፋች ከግቢያችን ወጣች። እኔ ደብተሯን ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ። አልሐምዱሊላህ።