ዳና ኋላ ማርሽ

ሲቀላ ውስጥ «ዳና የታለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የትኛው ዳና?» ይባላል። «ኋላ ማርሹ» ካለ ግን ሕፃን ሳይቀር በጣቱ ያሳየዋል። ስሙን ያወጡለት ጨንቻ መንገድ ዳር ቆመው የሳቁበት ሰዎች ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ ዳገት ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ከየት አይተው ያውቃሉ! ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ግን ያንን ስም ቢገድሉት አይጠራም።

ዳና መካኒክ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ራሱ ግን ድንጋይ፤ አንዴ «በቃ» ካለ በቃ ነው። በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ቤንዚን በኩፖን ሆነና የጫኖ ገበሬዎች ማኅበር ሙዝ የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድሮቨር ቆማ ቀረች። ናፍጣ ይሻል ነበር፣ እንደ ምንም ይገኛል። ዳና ከተጣለ የመስኖ ፓምፕ ላይ የናፍጣ ሞተር ፈትቶ ሊገጥምላት ተነሣ።

ሞተሩን መግጠሙስ ምንም አልነበረም፤ ጣጣው ነዳጁ ነው። ናፍጣ አየር አይወድም። በቱቦው ውስጥ ትንሽ አየር ከገባ ሞተሩ ቀጥ ይላል፤ አየሩ እስኪወጣለት ድረስ ቢለምኑትም አይነሣ። ደግሞ የተረፈውን ናፍጣ የሚመልስ ሌላ ቱቦ ይፈልጋል። ዳና የድሮውን ሳልባቲዮ አውጥቶ ጣለና ከላሜራ ረዘም ያለ አዲስ የነዳጅ መያዣ በየደ፣ የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮ ከወዳደቀ ትራክተር ላይ ነቀለ፣ መመለሻውን ዘረጋ። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚስበው ቱቦ ላይ ሲደርስ መዳቡ አለቀበት። ከተማውን ቢያስስ አንድ ክንድ ቱቦ አጣ። ስለዚህ መሳቢያውን ለሞተሩ በሚቀርበው በኩል፣ በሳልባቲዮው የፊት ጫፍ ላይ ሰካው።

ጎረቤቱ አሥር አለቃ ሸዋንዳኝ የጦር ሠራዊት መካኒክ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዳና፣ ይኼ መሳቢያ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ዳገት ላይ ናፍጣው ወደ ኋላ ሲሸሽ አየር ይስብብሃል።»

«ጫኖ ዳገቱ የታለና አሥር አለቃ! የሙዝ መኪና ናት እኮ፣ ጨንቻ ገበያ አትወጣ!»

«ኧረ አንተ ሰው፣ አንድ ሳምንት ታገሥ! ቱቦው ከሶዶ ይመጣል።»

«ይበቃታል አልኩ!»

እውነትም በቃት። ሦስት ወር ሙሉ ከጫኖ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ጫኖ ያለ አንዳች እንከን ተመላለሰች።

ዳናና ሚስቱ አገርነሽ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ አስቴር። ከዶርዜ በላይ ለሚኖር ሀይሌ ለሚባል ሸማኔ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን እየጠበቀች ነበር። አንድ ረቡዕ ማለዳ የሀይሌ ወንድም ደበሌ ላብ አጥምቆት ጋራዡ ደረሰ።

«ጋሽ ዳና፣ አስቴር ከትናንት ጧት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ልጁ አልወጣም። መኪና ይዤ እስክመጣ እንዳታነሷት ብያቸዋለሁ።»

ዳና አገርነሽን «ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቂን» አላትና ጋራዡ ያደረችውን ላንድሮቨር አስነሣ። ሳልባቲዮው ውስጥ የነበረው ናፍጣ ግማሽ ነው። እስኪሞላ ማን ይቆማል?

ጫኖን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጠፋ። ዳና ገና መሪውን እንደያዘ ገባው። «ወይኔ!» አለ፣ «ወይኔ ልጄን!» ወርዶ የማስተንፈሻውን ቡሎን ፈታ፣ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ የእጅ ፓምፑን ገፋ፣ አሰረ፣ አስነሣ። ሁለት ጥምዝ ወጡና እንደገና ጠፋ። እንደገና ፈታ። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ ፀሐይዋ ወጣች፣ የጋለው ብረት ጣቶቹን ላጠው።

«ምን ሆና ነው?» አለ ደበሌ።

«ቱቦው ነው» አለ ዳና።

አምስተኛው ላይ መላ መጣለት። ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ ቢዞር ናፍጣው ወደ ፊት ይመጣላ! መኪናዋን አዞረና ኋላ ማርሽ አስገብቶ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ደበሌ ከጎን ተንጠልጥሎ ገደሉን ያሳየዋል። ሞተሩ ያጓራል፣ ዳና አንገቱን ጠምዝዞ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ገበያተኛው መንገድ ዳር ቆሞ «እዩት፣ መኪናዋ ከጨንቻ ተጣልታለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትመጣው!» እያለ በሳቅ ይንከተከታል።

እንዲያ እያለ ደረሰ። የነአስቴር ቤት ባዶ ነው። ደጅ የተቀመጡ አሮጊት ብቻ ነበሩ።

«ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ጠበቁህ ልጄ» አሉት። «አይመጣም ብለው በቃሬዛ በአቋራጩ ይዘዋት ወረዱ።»

ቁልቁል ሲመለስ ያቺ መኪና አንዴም አላሳለችም። አቋራጩ ከመኪናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አገኛቸው። ቃሬዛው መሬት ላይ ነው። ሰዎቹ ቆመዋል፤ ሀይሌ ብቻ ተቀምጧል። ነጠላው ፊቷን ሸፍኗል።

«ሽቅብ ስታልፍ ከታች ሆነን የሞተሩን ድምፅ ሰምተን ጮኽን፣ አልሰማኸንም» አለ ሀይሌ። «እሷም ድምፁን ለየችው። ‹የአባባ መኪና ናት፤ አስቀምጡኝ› አለች። እንሂድ ብንላት እንቢ አለች። ‹ቤት ሄዶ ሲያጣኝ ይመለሳል› አለች። ጠበቅንህ፣ አባቴ። እስክትመጣ ጠበቅንህ።»

ዳና መሬት ላይ ተደፍቶ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት!» እያለ አለቀሰ። «የእግዜር ሥራ ነው» እያሉ አነሡት። የእግዜር ሥራ አለመሆኑን እሱ ያውቀዋል።

አስከሬኑን ወደ ባሏ ቤት መልሰው ተሸከሙት። ዳና አገርነሽን ሊያመጣ ብቻውን ወረደ።

አገርነሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ከጧት ጀምራ ቆማ ነበር። መኪናዋን ስታይ እየሮጠች መጣችና ከኋላ አየች። ማንም የለም። ፊቷ በራ።

«እቤቷ ተገላገለች ማለት ነው! ተመስገን ጌታዬ!» አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። ዳና እልልታዋ እስኪያበቃ ከመሪው ላይ ቀና አላለም።