አሥራ አንደኛዋ ሰው

የገፈርሳው ያደታ ቦሩ በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜው ከሰው ቀድሞ ተቀምጦ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይደለም። ሰው ብቅ ባለ ቁጥር «ኖር!» ብሎ ይነሣል። ሠርግ ቤት ወንበር ሲለቅ ሲለቅ ምግቡ አልቆ ጾሙን የተመለሰበት ጊዜ አለ። «አንቺ ቅደሚ፣ አንተ ቅደም» ሲል ታክሲ ጥሎት ይሄዳል። ሚስቱ ወርቅቱ፣ «ያገባኸኝ ቀን እንኳ ደጃፍ ላይ ከሚዜህ ጋር ‹ቅደም፣ ቅደም› ስትባባሉ ፀሐይ አናቴን በሳው» እያለች ትስቅበት ነበር።

ወርቅቱ ደረቷ ደካማ ነው። ክረምት ሲገባ ሳል ይጀምራታል፤ እስከ መስቀል አይለቃትም። ስለዚህ ለአረጋውያን የኮሮና ክትባት መጣ ሲባል ከመንደሩ ሁሉ የቸኮለው ያደታ ነው። «መርፌው ይገድላል» የሚለውን ወሬ ከቁብ ሳይቆጥር፣ ማልዶ ሚስቱን ይዞ ጤና ኬላ ደረሰ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ላሊሴ የቀራት አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር። «ይቺ ለአሥር ሰው ናት፤ አሥር ሳትሞሉ አልከፍታትም» አለች። እንደ ምንም ሞሉ። ሰዎቹ ፈርተው እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ያደታ ምሳሌ ልሁን ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ፊት ወጣና ተወጋ። ወርቅቱ መጨረሻ፣ አሥረኛ ላይ ነበረች።

ተራዋ ደርሶ ነጠላዋን ከትከሻዋ ስታወርድ አንዲት አሮጊት እያለከለከች ደረሰች። ኡሙልኸይር ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ወጥታ ከልጇ ጋር እዚያ ሠፈር ከተከራየች ሁለት ወር አልሞላትም።

«አለቀ እንዴ?» ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ያደታ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። «ኖር! ይግቡ፣ ይግቡ!» ወደ ሚስቱም ዞሮ፣ «ወርቄ፣ እንግዳ ናቸው፤ ልቀቂላቸው። እኛ የአገሩ ሰዎች ነን፤ ለእኛ አይጠፋም» አላት።

«ኦቦ ያደታ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም» አለች ላሊሴ። ግን ሰው ፊት የወጣ ቃል እንዴት ይመለሳል? ይሉኝታ ክፉ ነው። ወርቅቱ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች።

ክትባቱ ሳይመጣ ክረምቱ መጣ። በነሐሴ ሳሏ ላይ ትኩሳት ተጨመረበት፤ ትንፋሽ አጠራት። ኮሮና ነው ተባለ። ኦክስጅን ያለበት ሆስፒታል አደረሷት፤ በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ኡሙልኸይር ለቅሶ መጥታ እግሩ ሥር ተደፋች። «የእሷን ወስጄ ነው! እኔ ነኝ የገደልኳት!» ያደታ ደግፎ አስነሣት። «ተዉ እንጂ! ቀኗ ደርሶ ነው፤ እርስዎ ምን አደረጉ?» አላት። ለቀስተኛው ደግነቱን እያነሣ ተደነቀ።

የሆዱን የሚያውቀው እሱ ነው። ያቺ ቀን ብትመለስ «የለም፣ የሚስቴ ነው» ይላል። አሮጊቷ የራሷን ዕዳ ትወጣ፤ ብትሞትም ትሙት። እንዲህ ማሰቡ ያሳፍረዋል፤ ማሰቡን ግን መተው አልቻለም። መንደሩ ደግ ባለው ቁጥር ደግሞ አንጀቱ ይቃጠላል፤ የሰጠው የራሱን አልነበረማ። የራሱ ድርሻ ክንዱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በመስከረም፣ ለሁለተኛው ዙር በተቀጠሩበት ጠዋት፣ ኡሙልኸይር በሩን አንኳኳች።

«ቀጠሯችን ዛሬ ነው። አብረን እንሂድ ብዬ ነው።»

ያደታ ከፈተላት። ጋቢውን እየደረበ፣ «እውነቱን ልንገርዎት፤ ያ ቀን ቢመለስ አልሰጥዎትም ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ማንስ ይሰጣል?»

ሚስቱ ስትቀበር ያላለቀሰው ሰው ያን ጊዜ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«አልጠየቅኳትምኮ» አለ እየተንሰቀሰቀ። «ትሰጪያለሽ ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም።»